ሠላሳ ባህት፦ ታይላንድ ባለጸጋ ሳትሆን ሕክምናን ለሁሉም ያዳረሰችበት መንገድ

ሕክምና ለሁሉም ዜጋ ይዳረስ የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወገን ተከፍሎ ይካሄዳል። አንደኛው ወገን ሰው ገንዘብ ስላጣ ብቻ ሊድን በሚችል በሽታ መሞት የለበትም ይላል፤ ሁለተኛው ይህን ሳይክድ ገንዘቡ ከየት ይመጣል ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ሲቀርብ የመጀመሪያው የኅሊና፣ ሁለተኛው የሒሳብ ጉዳይ ይመስልና አድማጩ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ የተገደደ ይመስለዋል። ታይላንድ በ2001 የጀመረችውንና በ2002 በሕግ ያጸናችውን የጤና ሽፋን ቀረብ ብለን ስንመረምር ግን ሁለቱን ጥያቄዎች መለየት ያስቸግራል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ማንንም ላለማስቀረት የተላለፈው ውሳኔ ራሱ ወጪውን ለመቆጣጠር የሚያስችለውን አቅም ፈጥሯል የሚል ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ከውሳኔው በፊት

በ2001 መባቻ የታይላንድ ሕዝብ 62 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ሕክምናውም እንደየሰው መተዳደሪያ በተለያዩ ዕቅዶች ተከፋፍሎ ነበር። የመንግሥት ሠራተኞች ከትዳር ጓደኞቻቸው፣ ከወላጆቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር በመንግሥት ወጪ ይታከሙ ነበር። በመደበኛ የግል ድርጅቶች የተቀጠሩ ሰዎች በ1990 በወጣው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ መሠረት አሠሪው፣ ሠራተኛውና መንግሥት በሚያዋጡት ገንዘብ ይሸፈኑ ነበር። ለድሆች ከ1975 ጀምሮ የነጻ ሕክምና ካርድ ይታደል የነበረ ሲሆን፣ ከነዚህ ሁሉ ውጭ ለቀሩት ገበሬዎች፣ ቸርቻሪዎችና የቀን ሠራተኞች በ1983 የተጀመረ፣ በፈቃደኝነት የሚገዛ የጤና ካርድ ነበር። ይህ ሁሉ እያለ ከሕዝቡ 30 በመቶ የሚሆነው ምንም ዓይነት ሽፋን አልነበረውም።

የድሆች ካርድ ችግር ድሃው ማን እንደሆነ ማወቅ አለመቻሉ ነበር። ደመወዝ የሌለው፣ ገቢው እንደ ዝናቡና እንደ ሩዝ ዋጋ ከፍና ዝቅ የሚል ገበሬ በወር ስንት ታገኛለህ ተብሎ ቢጠየቅ ራሱም በትክክል ሊመልስ አይችልም። ስለዚህ ምርጫው በአካባቢ ሹማምንት እጅ ወደቀ፤ ካርዱ ከሚገባቸው ብዙዎቹ ሳያገኙ ሲቀሩ፣ የማይገባቸው አገኙት። በፈቃደኝነት የሚገዛው ካርድ የተጎዳው ደግሞ በሌላ በኩል ነው። ቤተሰቡ 500 ባህት (ባህት የታይላንድ ገንዘብ ነው) ሲከፍል መንግሥት ያንኑ ያህል የሚጨምርበትን ይህን ካርድ በብዛት የገዙት ሕመምተኛ ያለባቸው ቤተሰቦች ሲሆኑ፣ ጤነኞቹ ገንዘባቸውን በኪሳቸው ማቆየትን መረጡ። የታመሙ ብቻ የሚያዋጡበት ቋት ደግሞ ምንም ያህል በብልሃት ቢመራ አይሞላም። እነዚህን ሁለት ውድቀቶች ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ኋላ የመጣው ውሳኔ ከነሱ የተቀዳ ትምህርት ነውና።

በዚህ ላይ የ1997ቱ የገንዘብ ቀውስ ተጨመረ። መንግሥት የባህትን ዋጋ ለገበያ ሲለቀው በ25 ባህት ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ50 ባህት አለፈ፤ አገሪቱም ከ17 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ዓለም አቀፍ የብድር ድጋፍ ለመጠየቅ ተገደደች። ሥራውን ያጣ ሰው ውሎ አድሮ ከሥራው ጋር የተያያዘውን የሕክምና ዋስትናም ያጣል። የሥነ ምግባሩ ክርክር ጉልበት የሚያገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በሽታ የሚመጣው ሰው መርጦት አይደለም፤ የሕክምናው ሒሳብም የሚመጣው ገቢው በተቋረጠበት፣ መሥራትም ሆነ መከራከር በማይችልበት ሰዓት ነው። ሌላ ዕቃ የሚገዛ ሰው ዋጋው ካልተስማማው ትቶ መሄድ ይችላል፤ ልጁ በትኩሳት የምትቃጠልበት አባት ግን ትቶ የሚሄድበት የለውም። መሬቱን ሸጦም ሆነ ተበድሮ ይከፍላል፤ ከዚያም በሽታው ካለፈ በኋላ ዕዳው ቤተሰቡን ለዓመታት ይከተለዋል።

መሠረቱ ቀድሞ ተጥሎ ነበር

ታይላንድን የሚያወድሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ታሪኩን ከ2001 ምርጫ ይጀምራሉ። ይህ አቀራረብ ለሌሎች አገሮች የተሳሳተ ትምህርት ሊሰጥ ይችላል፤ ሐኪምና ሆስፒታል በሌለበት የታደለ ካርድ ወረቀት ብቻ ነውና። ታይላንድ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ የተመረቁ ሐኪሞች ለ3 ዓመት በመንግሥት የጤና ተቋማት፣ በተለይም በገጠር፣ እንዲያገለግሉ ታስገድድ ነበር፤ ግዴታውን ያፈረሰ ሐኪም ገንዘብ ይቀጣል። በ1980ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ደግሞ ለትላልቅ የከተማ ሆስፒታሎች ማስፋፊያ የሚውለው ገንዘብ ለጊዜው ተገትቶ ወደ ወረዳ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች እንዲዞር ተደረገ። ይህ በየትኛውም አገር በፖለቲካ ረገድ ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ ድምፅ ያላቸው ከተሜዎች እንዲጠብቁ፣ ድምፅ የሌላቸው ገጠሬዎች እንዲቀድሙ የሚያደርግ ነው። በመንደር ደረጃ ደግሞ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ የጤና በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። በዚህ ምክንያት ሽፋኑ ሲታወጅ ሰዎች የሚሄዱበት በር በአብዛኞቹ ወረዳዎች ተከፍቶ ይጠብቃቸው ነበር።

ከዚህ የገጠር አገልግሎት ከወጡት ሐኪሞች አንዱ ሳንጉዋን ኒትያራምፎንግ ነበር። በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ በሲሳኬት ክፍለ ሀገር በሚገኘው የራሲ ሳላይ ወረዳ ሆስፒታል ሠርቷል፤ ኋላም በጤና ሚኒስቴር ውስጥ ሆኖ ሽፋኑ እንዴት በገንዘብ ሊቆም እንደሚችል ከባልደረቦቹ ጋር ለዓመታት አጥንቷል። በሌላ በኩል የ1997ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ዜጎች ደረጃውን የጠበቀ የጤና አገልግሎት በእኩልነት የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጎ ነበር፤ 50,000 ፊርማ ያሰባሰቡ ዜጎችም ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤት ማቅረብ ይችሉ ነበር። ጆን ኡንግፓኮርንን የመሳሰሉ የሲቪክ ማኅበራት መሪዎች ይህን በር ተጠቅመው ፊርማውን አሰባሰቡ። ሳንጉዋን ሐሳቡን ለፖለቲካ ፓርቲዎች ሲያቀርብ የተቀበለው የታክሲን ሺናዋትራ ታይ ራክ ታይ ፓርቲ ነበር፤ ፓርቲው «30 ባህት ሁሉንም በሽታ ያክማል» በሚል መፈክር በጃንዋሪ 2001 ምርጫውን አሸነፈ። ፓርቲው ሐሳቡን የተቀበለው ድምፅ ስለሚያስገኝለት እንደነበር ግልጽ ነው፤ ያም ሆኖ በዝግጁ ጥናት፣ በሕዝብ ፊርማና በሥልጣን ጥማት መካከል የተፈጠረው ይህ መገጣጠም ባይኖር ኖሮ ጥናቱ ከሚኒስቴሩ መደርደሪያ መውረዱ ያጠራጥራል።

ገንዘቡ እንዴት ተገኘ

ሽፋኑ በኤፕሪል 2001 በ6 ክፍላተ ሀገር፣ በጁን በተጨማሪ 15 ውስጥ፣ በኦክቶበር በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ተጀምሮ በኤፕሪል 2002 መላ አገሪቱን አዳረሰ። የብሔራዊ የጤና ዋስትና ሕግ በኖቬምበር 2002 ወጣ። የመንግሥት ሠራተኞችና የማኅበራዊ ዋስትና አባላት በነበሩበት ሲቆዩ፣ የቀረው ሕዝብ በሙሉ፣ 47 ሚሊዮን ገደማ ሰው፣ አዲሱ ሽፋን ውስጥ ገባ። ከዚህ ውስጥ 18 ሚሊዮን የሚሆነው ቀድሞ ምንም ዋስትና ያልነበረው ነው።

በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ዓመታዊ የነፍስ ወከፍ ገቢ 1,900 ዶላር አካባቢ ነበር። ለሽፋኑ በጀት የተያዘው በነፍስ ወከፍ በዓመት 1,202 ባህት፣ ማለትም ከ30 ዶላር ያነሰ ነው። ታካሚው በአንድ ጉብኝት የሚከፍለው 30 ባህት ከአንድ ዶላር በታች ሲሆን፣ ድሆች፣ ሕፃናትና አረጋውያን እሱንም አይከፍሉም ነበር። በዚህ ጥቂት ገንዘብ ይህን ያህል ሕዝብ እንዴት ማከም ተቻለ የሚለው ጥያቄ የጉዳዩ እምብርት ነው።

የመጀመሪያው ውሳኔ ገንዘቡ ከጠቅላላው ግብር እንዲመጣ ማድረግ ነበር። ከእያንዳንዱ ገበሬና ጉልት ነጋዴ ወርኃዊ መዋጮ መሰብሰብ የሚፈልገው የሰው ኃይልና የመዝገብ ብዛት፣ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ብዙ ድርሻ ይበላ ነበር። ድሃውን ከድሃ ያልሆነው የመለየቱ ሥራም በአንድ ጊዜ ቀረ፤ ማስረጃ የሚጠይቅ፣ የሚመረምርና የሚከለክል ቢሮ አላስፈለገም። ሁሉም ስለሚገባ ጤነኛውም ይገባል፤ የፈቃደኝነቱ ካርድ የሞተበት በሽታ በዚህ ተፈወሰ። ሰው ሁሉ እኩል ነው ከሚለው እምነት የመነጨው መርሕ አስተዳደሩን ያቀለለው በዚህ መንገድ ነው፤ ለድሃው ብቻ የሚለው አካሄድ ቆጣቢ ቢመስልም በተግባር ውድና ስሕተት የበዛበት ሆኖ ነበር የተገኘው።

ሁለተኛው ውሳኔ ገንዘብ የሚከፍለውንና ሕክምና የሚሰጠውን አካል መለየት ነበር። አዲሱ የብሔራዊ የጤና ዋስትና ቢሮ፣ በሳንጉዋን የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊነት፣ የ47 ሚሊዮን ሰው ገንዘብ ይዞ ከሆስፒታሎች አገልግሎት የሚገዛ ድርጅት ሆነ። ለተመላላሽ ሕክምና የሚከፈለው በተመዘገበው ሰው ብዛት ነው፤ ሰውየው ብዙ ጊዜ ቢመጣም ባይመጣም ክፍያው ያው ነው። ተኝተው ለሚታከሙት ደግሞ እንደ በሽታው ዓይነትና ክብደት የተመደበ ክፍያ፣ ጠቅላላ ጣሪያ ካለው በጀት ውስጥ ይሰጣል። ታካሚው መጀመሪያ የሚሄደው በሚኖርበት አካባቢ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ ወይም ወረዳ ሆስፒታል ሲሆን፣ ወደ ላይ የሚያልፈው በሪፈር ነው። በዚህ አሠራር ሆስፒታሉ ምርመራና መድኃኒት በማብዛት ትርፍ አያገኝም። በአንጻሩ ለእያንዳንዱ አገልግሎት የተጠየቀው ሲከፈል በቆየበት በመንግሥት ሠራተኞች ዕቅድ ውስጥ ውድ መድኃኒቶችና በቀዶ ሕክምና መውለድ በብዙ ከፍ ብለው ታይተዋል፤ የነፍስ ወከፍ ወጪውም ከአዲሱ ሽፋን በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። በአንድ አገር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የአከፋፈል ሥርዓቶችን ማነጻጸር መቻሉ ይህን ጉዳይ ለተመራማሪ እጅግ ጠቃሚ ያደርገዋል።

ተቃውሞው

አዲሱ አሠራር ወዲያው ከባድ ግጭት አስነሣ። ገንዘብ በሕዝብ ብዛት ሲከፋፈል፣ ሕዝብ በዝቶ ሐኪም ያነሰበት ሰሜን ምሥራቅ ሲጠቀም፣ ሠራተኛ የተከማቸባቸው የመካከለኛው ታይላንድ ሆስፒታሎች ደመወዝ ለመክፈል እንኳ የሚቸገሩበት ሁኔታ ተፈጠረ። ንድፉን ያወጡት ሰዎች የፈለጉት ሠራተኛው ገንዘቡን ተከትሎ ወደ ድሃው አካባቢ እንዲሄድ ነበር፤ ሆኖም ቤተሰብና ቤት ያለው የመንግሥት ሠራተኛ በአንድ የበጀት ዓመት አይፈልስም። መንግሥት የመጠባበቂያ ገንዘብ ለማቋቋምና ደመወዝን በቅድሚያ ከበጀቱ ለመቀነስ ተገደደ፤ በዚህም እኩልነቱ በከፊል ተሸረሸረ። የታካሚ ቁጥር ስለጨመረ የሐኪሞች ድካምና ቅሬታ በረታ፤ የውጭ ታካሚዎችን የሚቀበሉ የባንኮክ የግል ሆስፒታሎች በከፍተኛ ደመወዝ ይስቧቸው ስለነበር ከመንግሥት አገልግሎት የለቀቁት ጥቂት አይደሉም። ሽፋኑን ደግፎ ስለዚህ ጉዳይ ዝም የሚል ጸሐፊ ግማሹን እውነት ብቻ ይናገራል።

ኩላሊት፦ ኅሊናና ሒሳብ ፊት ለፊት

«ሁሉንም በሽታ ያክማል» የሚለው መፈክር መጀመሪያ ላይ እውነት አልነበረም። የኤች አይ ቪ መድኃኒትና የኩላሊት እጥበት በውድነታቸው ምክንያት ከሽፋኑ ውጭ ነበሩ። የሁለቱም ወደ ውስጥ መግባት ሥርዓቱ እንዴት እንደሚያስብ በደንብ ያሳያል።

ለኤች አይ ቪ መድኃኒት የታማሚዎች ማኅበራት ያደረጉት ግፊትና በአገር ውስጥ የሚመረቱ ርካሽ መድኃኒቶች መንገዱን ከፈቱ። በኖቬምበር 2006 መንግሥት ኤፋቪሬንዝ ለተባለው መድኃኒት፣ በጃንዋሪ 2007 ደግሞ ለሎፒናቪርና ሪቶናቪር ጥምርና ለልብ ሕመም ለሚሰጠው ክሎፒዶግሬል፣ የፓተንቱን (የፈጠራ መብቱን) ባለቤት ሳያስፈቅድ ርካሽ አቻቸውን እንዲጠቀም የሚያስችለውን ፈቃድ አወጣ። ይህ አሠራር በዓለም አቀፍ የንግድ ሕግ የታወቀ ነው፤ ሆኖም አቦት የተባለው ኩባንያ አዳዲስ መድኃኒቶቹን በታይላንድ ለማስመዝገብ ያቀረባቸውን ማመልከቻዎች በማንሣት አጸፋውን መልሷል። በየግሉ የሚገዛ ታካሚ እንዲህ ያለ ትግል ውስጥ መግባት ፈጽሞ አይችልም። የሚችለው ለሚሊዮኖች የሚገዛና በሚሊዮኖች ስም የሚደራደር አካል ብቻ ነው።

የኩላሊቱ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ኩላሊቱ ሥራውን ያቆመ ሰው እጥበት ካላገኘ ይሞታል፤ ካገኘ ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቱ ወይም ንቅለ ተከላ እስኪያገኝ ድረስ ወጪው አይቋረጥም። የታይላንድ ተመራማሪዎች ሲያሰሉት ሕክምናው በአገሪቱ ከተቀመጠው የወጪ ቆጣቢነት መመዘኛ በብዙ እጥፍ አለፈ። በስሌት ብቻ ከተሄደ መልሱ አይሆንም ነበር። በሌላ በኩል አንድ የቤተሰብ አባል በኩላሊት ሲታመም ቤተሰቡ ንብረቱን እየሸጠ ወደ ድህነት የሚወርድ መሆኑ፣ ሽፋኑ ደግሞ የቆመው ይህንኑ ለመከላከል መሆኑ ችላ ሊባል አልቻለም። በጃንዋሪ 2008 እጥበቱ ወደ ሽፋኑ ገባ፤ የገባው ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። ታካሚው በመጀመሪያ በሆድ ዕቃ በኩል የሚደረገውንና ራሱ ቤቱ ሆኖ የሚያከናውነውን እጥበት እንዲጠቀም ተወሰነ፤ ያለ ሕክምና ምክንያት የማሽኑን እጥበት የመረጠ ሰው ከኪሱ ይከፍላል። የእጥበቱ ፈሳሽ በማዕከል በርካሽ እየተገዛ በፖስታ አገልግሎት ወደየታካሚው ቤት ይላክ ነበር፤ የማሽን ማዕከል በማይደርስበት መንደር ለሚኖር ገበሬ ይህ ከሞት የተረፈበት መንገድ ነው።

ውሳኔው ያለ ዋጋ አልተገኘም። ብዙ ታካሚዎች የቤት ውስጡን እጥበት አልወደዱትም፤ ኢንፌክሽን ያጋጠማቸው አሉ፤ ምርጫ የመነፈግ ስሜትም ነበር። በፌብሩዋሪ 2022 መንግሥት ታካሚውና ሐኪሙ ተመካክረው እንዲመርጡ ሲፈቅድ የማሽን እጥበት ተጠቃሚዎች በፍጥነት በዙ፤ ወጪውም አብሮ አሻቀበ። በእኔ ግምት የ2008ቱ ውሳኔ ከ2022ቱ ይልቅ ለመርሑ የቀረበ ነው። ውሱን በጀት ባለበት አገር ለአንዱ የተመቸው አማራጭ ለሌላው ቦታ የሚያሳጣ ከሆነ፣ ሁሉንም የሚያዳርሰውን ማስቀደም የሥነ ምግባርም ምክንያት አለው። ይህ የኔ ፍርድ መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ፤ የኩላሊት እጥበቱን በየቀኑ በራሱ የሚያከናውነው ሰው በተለየ መንገድ ሊፈርድ ይችላል።

ምን ተለወጠ

በ2000 ከታይላንድ ቤተሰቦች 2.7 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በሕክምና ወጪ ምክንያት ከድህነት መስመር በታች ይወርዱ ነበር፤ በ2009 ይህ ቁጥር ወደ 0.5 በመቶ ገደማ ወርዷል። ከኪስ የሚከፈለው ገንዘብ በ2001 ከጠቅላላው የጤና ወጪ ከሩብ በላይ የነበረ ሲሆን ኋላ ወደ 10 በመቶ አካባቢ ቀንሷል። የሽፋኑ አባላት በተመላላሽ ሕክምና የሚጎበኙበት መጠን በ2003 በነፍስ ወከፍ 2.45 የነበረው በ2010 ወደ 3.22 አድጓል፤ ነጻ ከሆነ ሰው ሁሉ ሆስፒታል ያጥለቀልቃል የሚለውን ሥጋት ይህ ልከኛ ዕድገት አይደግፈውም። በ2014 የታተመ የ3 ኢኮኖሚስቶች ጥናት ደግሞ ከሽፋኑ በፊት በድሃና በሀብታም ክፍላተ ሀገር መካከል ይታይ የነበረው የሕፃናት ሞት ልዩነት ከሽፋኑ በኋላ እንደጠፋ አሳይቷል። ይህ ሁሉ ሲሆን የአገሪቱ ጠቅላላ የጤና ወጪ ከዓመታዊ ምርቷ 4 በመቶ አካባቢ ነበር።

ፖለቲካዊ ጽናቱም ሊታይ ይገባዋል። በ2006 ታክሲንን ያወረደው መፈንቅለ መንግሥት የቀድሞውን መንግሥት አሻራ ለመፋቅ ብዙ ሲሠራ፣ ሽፋኑን ግን አልነካም፤ እንዲያውም 30 ባህቷን ጨርሶ አስቀራት። የ2014ቱ መፈንቅለ መንግሥትም ሽፋኑን አላፈረሰም። ለድሆች ብቻ የሚሰጥ አገልግሎት በበጀት ችግር ጊዜ በቀላሉ ይቆረጣል፤ የሦስት አራተኛው ሕዝብ የሆነውን አገልግሎት የሚቆርጥ መንግሥት ግን ከመራጩ ጋር መፋጠጥ አለበት፤ መራጭ የሌለው ወታደራዊ መንግሥት እንኳ ይህን አልደፈረም።

ሳይፈታ የቀረው

ሦስቱ ዕቅዶች እስካሁን አልተዋሐዱም። የመንግሥት ሠራተኛው ያለ መዋጮ ሰፋ ያለ አገልግሎት ያገኛል፤ ገበሬውም ያለ መዋጮ ይታከማል፤ ለሕክምናው በየወሩ ከደመወዙ የሚቆረጥበት የግል ድርጅት ሠራተኛው ብቻ ነው። የዚህን ኢፍትሐዊነት ሠራተኞቹ ራሳቸው ሲያነሡ ቆይተዋል፤ ይሁንና ማዋሐድ ማለት የመንግሥት ሠራተኞችን ጥቅም መንካት ማለት ስለሆነ፣ ሕጉን የሚያዘጋጁትም እነሱ ስለሆኑ፣ ጉዳዩ ከዓመት ዓመት ይንከባለላል። በጎረቤት አገሮች ተወልደው በታይላንድ የሚሠሩ ስደተኞችም በዋናው ሽፋን ውስጥ የሉም፤ የሚገዙት የተለየ የጤና መድኅን ነው፤ ወረቀት የሌላቸው ደግሞ ብዙዎቹ እሱም የላቸውም።

ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በ4 ክፍላተ ሀገር የተሞከረው አዲሱ ማሻሻያ ታካሚው በመታወቂያው ብቻ በፈለገው የሕክምና ተቋም እንዲታከም ይፈቅዳል። ከቤቱ ርቆ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን የነፍስ ወከፍ ክፍያው የቆመው ታካሚው የተመዘገበበት ሆስፒታል አስቀድሞ የሚታወቅ በመሆኑ ላይ ነበር፤ ሰው በየቦታው ሲታከም ሒሳቡን ማን ለማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ እንደገና ይነሣል፤ በባንኮክ በክሊኒኮችና በጤና ዋስትና ቢሮው መካከል በ2024 የተፈጠረው የክፍያ ውዝግብም ከዚህ ጥያቄ ብዙ የራቀ አይደለም። ቢሮው ለየአገልግሎቱ እየቆጠረ ወደ መክፈል ከተገፋ፣ በመንግሥት ሠራተኞች ዕቅድ የታየው የወጪ ንረት ወደ ዋናው ሽፋን የሚገባበት በር ይከፈታል።